መሪጌታው ተማሪዬና ሁለቱ የማትሪክ ውጤቶች

የኔታ ይኄይስ ማረፋቸውን የሰማሁት ቀብራቸው ካለፈ በኋላ ነው። ደብረ ማርቆስ የሚኖር አንድ የድሮ ተማሪዬ ለሌላ ጉዳይ ስልክ ደውሎልኝ ሊዘጋ ሲል፣ «ለመሆኑ መሪጌታ ይኄይስ ማረፋቸውን ሰምተዋል?» አለኝ። አልሰማሁም ነበር። ብዙም ሳይታመሙ በእርጅና እንደሞቱ፣ ለቀብራቸውም ብዙ ሰው እንደወጣ ነገረኝ።

ስልኩን ስዘጋ ባለቤቴ «ማን ነው የሞተው?» ብላ ጠየቀችኝ።

«ተማሪዬ» አልኳት።

ከንፈሯን መጠጠች። «ውይ! ስንት ዓመቱ ነበር?»

«እኔን በስምንት ዓመት ይበልጡኛል።»

ቀልድ መስሏት ቀና ብላ አየችኝ። ቀልድ አልነበረም።

በንጉሡ ዘመን መጨረሻ ግድም ከኮሌጅ ወጥቼ ደብረ ማርቆስ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሒሳብ እንዳስተምር ተመደብኩ። የጉንደ ወይን ልጅ ስለሆንኩ አገሩ አልከበደኝም። የከበደኝ የአሥራ አንደኛ ክፍል ስም መጥሪያ ነው። የመጀመሪያው ቀን ስም እየጠራሁ ስወርድ «ይኄይስ» አልኩና ከኋላ ወንበር ጥምጥም ያሰሩ፣ ካኪ ኮት ላይ ጋቢ የደረቡ፣ ጢማቸው ሙሉ የሆነ ሰውዬ ተነሥተው «አቤት» አሉ። የተማሪ ወላጅ ሊጠይቅ የገባ መስሎኝ «ጌታዬ፣ ውጭ ይጠብቁኝ» አልኳቸው። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እሳቸው አልሳቁም፤ አልተቆጡምም። «መምህር፣ እኔ ነኝ ይኄይስ» ብለው ተቀመጡ።

ከዚያ ቀን በኋላ ስማቸውን በባዶው መጥራት አልቻልኩም። «የኔታ ይኄይስ» እላለሁ፣ «አቤት መምህር» ይላሉ። እኔ እሳቸውን አንቱ፣ እሳቸውም እኔን አንቱ። የሃያ አራት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ቤት ውስጥ እናቴ እንኳን በአንተ ነው የምትጠራኝ።

ወደ አምበር በሚወስደው መንገድ፣ ከመኪናው መንገድ ገባ ብሎ ባለ አንድ ደብር የቅኔ መምህር ነበሩ። ከቅኔው ወንበር ተነሥተው በማታ ትምህርት አንደኛ ደረጃን ጨርሰው፣ የስምንተኛ ክፍልን ፈተና አልፈው ነው ወደ እኛ የመጡት። ለምን እንደመጡ ማንም በደንብ አያውቅም። «ሕግ ልማር ነው» ይሉ ነበር፤ ተማሪዎቹ ግን ደመወዝ ፈልገው ነው ብለው ያሟቸው ነበር። ሚስታቸው ወይዘሮ ዘርፌ አገር ቤት ሆና እርሻውን ታሳርሳለች፤ በየጊዜው ስንቅ ታመጣላቸዋለች። የደብሩ አለቃ ደግ ሰው ስለነበሩ ወንበራቸውን ለሌላ ሳይሰጡ፣ አንድ ደቀ መዝሙር በተጠባባቂነት አስቀምጠው ይጠብቋቸው ነበር።

አንድ ልማድ ነበራቸው። የሆነ ነገር ሲነገራቸው አንገታቸውን ወደ ቀኝ ዘንበል አድርገው ዝም ይላሉ፤ ነገሩን የሚያገላብጡት ያኔ ነው። የትምህርት ቤቱ ደንብ ከዳይሬክተሩ ቢሮ በር ላይ ተለጥፎ ነበር፤ አንዱ ቁጥር «ቆብ አድርጎ ክፍል መግባት ክልክል ነው» ይላል። ዳይሬክተራችን አቶ ፈለቀ አንድ ቀን አስቁመው ጥምጥማቸውን እንዲያወልቁ ጠየቋቸው። የኔታ ዘንበል አሉ። «ጌታዬ፣ ቆብ የመነኩሴ ነው። እኔ መነኩሴ አይደለሁም፤ ባለትዳር ነኝ። ይህ ጥምጥም ነው» አሉ። አቶ ፈለቀ ሳቃቸውን መያዝ አቅቷቸው ቢሮአቸው ገቡ። ደንቡ እንደተለጠፈ ቀረ፤ ጥምጥሙም እንደተጠመጠመ።

ሒሳብ ይወዱ ነበር። የሚወዱበት ምክንያት ግን ከሌላው ተማሪ ይለያል። «ይህ ትምህርት ደግ ነው» አሉኝ አንድ ቀን። «መልሱ አንድ ነው። ሰው አያታልልም።» እኔም ደስ አለኝ። በሳምንቱ ባለ ሁለት መልሱን የእኩልታ ዓይነት ማስተማር ጀመርኩ። ሰሌዳው ላይ ሠርቼ ስጨርስ መልሱ ሁለትም ሦስትም ሆነ። የኔታ ተነሡ።

«መምህር፣ ከሁለቱ የትኛው ነው መልሱ?»

«ሁለቱም።»

«አንዱን ብቻ ብጽፍስ?»

«ግማሽ ማርክ ያጣሉ።»

አንገታቸው ዘንበል አለ። ቀስ ብለው ተቀመጡ። ያን ቀን ሌላ ጥያቄ አልጠየቁም።

በአሥራ ሁለተኛ ክፍል መጨረሻ ማትሪክ ተፈተኑ። ክረምት ላይ ውጤት መጣ። እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ፣ ጂኦግራፊ፣ ታሪክ፣ ሁሉንም በደህና አልፈዋል። ሒሳባቸው እንዲያውም ቢ ነው። አማርኛ ላይ ዲ።

ከተማው ለሁለት ሳምንት መሳቂያ አገኘ። ጠጅ ቤት ውስጥ፣ ፖስታ ቤት ሰልፍ ላይ፣ ሰው ሁሉ «የቅኔ መምህሩ አማርኛ ወደቁ» ይላል። እኔ ስሕተት ነው ብዬ ስላመንኩ ውጤቱ እንዲታይላቸው ማመልከቻ ልንጽፍ ነው ብዬ ተከራይተው ወደሚኖሩበት ቤት ሄድኩ። አልጋቸው ላይ ተቀምጠው ምስር ይለቅሙ ነበር።

«ስሕተት የለም» አሉኝ። «ምርጫው ላይ ሁለት ሁለት ከብቤ ነው።»

«እንዴት ሁለት?»

«‹የተሰመረበት ቃል ትርጉም የትኛው ነው› ይላል። አራት ምርጫ አለው። ከአራቱ ሁለቱ ትክክል ሲሆኑ ሁለቱንም ከበብኩ። ብዙ ጥያቄ እንዲህ ነበር።»

«መመሪያው አንድ ብቻ ምረጡ ይላል እኮ፣ የኔታ። አላነበቡትም?»

«አንብቤዋለሁ።»

«ታዲያ?»

ምስሩን ወደ ጎን አደረጉ። ለምን ሕግ ለመማር እንደመጡ ያን ጊዜ ነው የነገሩኝ። ሲነግሩኝ ድምፃቸው ከፍም ዝቅም አላለም፤ የሌላ ሰው ታሪክ የሚያወሩ ይመስሉ ነበር።

በደብራቸው አንድ ገበሬ ታሞ ሊሞት ሲል፣ ኑዛዜ እንዲጽፉለት ያስጠራቸዋል። ልጅ የለውም፤ ሚስቱ የሺ የምትባል ወጣት ሴት ናት። «እስክትሞት ድረስ መሬቴን እሷ ትብላ፤ ስትሞት ወንድሞቼ ይውሰዱት» ብሎ ይነግራቸዋል። እሳቸው ይጽፋሉ። መጀመሪያ «ሚስቴ የሺ በሕይወት እስካለች» ብለው ነበር ያሰቡት። ሲያነቡት «በሕይወት» የሚለው ቃል ዓረፍተ ነገሩን አስረዘመባቸው፤ ለጆሯቸው ጎረበጣቸው። አወጡት። «ሚስቴ የሺ እስካለች መሬቱን ትብላ፤ ከዚያ ወዲያ ለወንድሞቼ ይሁን» ብለው ጻፉ። አማረ። ለምስክሮቹ አነበቡት፤ ሟቹ በጣቱ አተመበት።

«ሦስቴ ነው ያነበብኩት» አሉኝ። «ደስ ብሎኝ ነበር።»

ከዓመት በኋላ የየሺ እናት ቁይ ከተማ አጠገብ ታመመች። የሺ ልታስታምም ሄዳ ክረምቱን እዚያ ቆየች። የባሏ ወንድሞች መሬቱን አረሱት። ስትመለስ «እስካለች ነው የተባለው፤ አልነበርሽም» አሏት። ተካሰሱ። ዳኛው ወረቀቱን አነበበ፤ ወንድሞቹ እንዳሉትም ይነበባል። የኔታ ቀርበው «ሟቹ ያለኝ እስክትሞት ነው» ቢሉ፣ «ሟቹ ያተመው እርስዎ የጻፉትን ነው» ተባሉ። የሺ ተረታች።

«ቃሉ ሁለት መልክ እንዳለው አላየሁም ነበር ብል ውሸት ነው» አሉ የኔታ። «እኔ ቅኔ ነው የማስተምር። አይቸዋለሁ። ሰው ግን በደጉ ያነበዋል ብዬ ዝም አልኩ። እንግዲህ ፈተናው ላይ እንዲያ ያለ ቃል ሲመጣ እጄ አንዱን ብቻ መክበብ እምቢ አለኝ። ደግሞ እርስዎም ‹አንዱን የጻፈ ግማሽ ማርክ ያጣል› ብለውኛል።»

የመጨረሻው ለቀልድ ነበር መሰለኝ። ያን ጊዜ አልሳቅኩም።

በዚያ ዓመት ማመልከቻ አላስገቡም። የሕግ ትምህርት ቤት በአማርኛ ዲ ያለበትን ሰው አይቀበልም ብለው ፈሩ፤ እኔም እንደዚያ መሰለኝ። በግል ተመዝግበው ዳግመኛ ሊፈተኑ ወሰኑ። ዓመቱን ሙሉ ከትምህርት ሰዓት በኋላ ወደ ክፍሌ ብቅ እያሉ ሒሳብ ያስከልሱኝ ነበር።

ሁለተኛው ፈተና ሲደርስ አማርኛውን በመጀመሪያው ቀን ተፈተኑ። የሒሳቡ ቀን ጠዋት አልመጡም። አዳራሹ በር ላይ ቆሜ ጠበቅኳቸው። በሩ ተዘጋ፤ ወረቀት ታደለ። ፈተናው ከተጋመሰ በኋላ ጋቢያቸውን በክንዳቸው ጠቅልለው እያለከለኩ መጡ። ተቆጣጣሪው አዝኖላቸው አስገባቸው፤ የቀረው ጊዜ ግን ለምንም አይበቃም ነበር።

የየሺ ይግባኝ ያን ዕለት ጠዋት ቀጠሮ ነበረው። ለምስክርነት ቀርበው ነበር። ፈተናውና ቀጠሮው አንድ ቀን እንደዋሉ ቀደም ብለው ያውቁ ነበር፤ ለእኔ አልነገሩኝም። ቢነግሩኝ እንደማስቀራቸው ሳያውቁ አይቀሩም።

«መሰከሩ?» አልኳቸው።

«የወንድሞቹ ጠበቃ ታሟል ተባለ። ወደ ሌላ ጊዜ ተዛወረ።»

«እና ለዚህ ነው…»

«ለዚህ ነው።»

ክረምት ሲገባ ሁለተኛው ውጤት መጣ። አማርኛ ኤ። ሒሳብ ኤፍ። ሌላው እንደበፊቱ።

እንግዲህ ሁለት ውጤት በእጃችን ሆነ። የሕግ ትምህርት ቤቱ የሚቀበለው የአንድ ጊዜ ፈተና ብቻ ነው፤ የመጀመሪያውን ሒሳብ ከሁለተኛው አማርኛ ጋር አቀላቅሎ መላክ አይቻልም። አለቃው ደግሞ መልእክት ልከዋል። ፍልሰታ ሳያልፍ ወንበርህን ትይዛለህ ወይስ ለሌላ እንስጠው የሚል ነው። ከዚህ በላይ አይጠብቋቸውም፤ የቅኔ ተማሪዎቹ መበተን ጀምረዋል። በዚህ ዓመት የማያስገባ ውጤት ከላኩ ወንበሩም ትምህርት ቤቱም የሉም ማለት ነው።

አንድ ከሰዓት ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበው፣ አቶ ፈለቀ ቢሮ ውስጥ ሦስታችን ተቀመጥን። ሁለቱ ወረቀቶች ጠረጴዛው ላይ ናቸው።

«ሁለተኛውን ላኩ» አሉ አቶ ፈለቀ። «ሕግ የሚጻፈው በአማርኛ ነው። በአማርኛ ዲ ያመጣ ሰው ሕግ ልማር ሲል ይስቁበታል። ሒሳብ ለሕግ ምን ያደርጋል?»

«ኤፍ ያለበትን ወረቀት ገና ሲያዩት ይጥሉታል» አልኩ። «ሌላውን አያነቡትም። የመጀመሪያው ውስጥ የወደቀ ትምህርት የለም። አማካዩም ከሁለተኛው አያንስም።»

«አንተ የሒሳብ አስተማሪ ስለሆንክ ነው።»

«እርስዎም የአማርኛ አስተማሪ ስለነበሩ ነው።»

ተካረርን። ሁለታችንም እርግጠኞች አልነበርንም፤ ለዚህ ይመስለኛል ድምፃችን ከፍ ያለው። የኔታ በመሐል አንዱን ወረቀት አንሥተው ያያሉ፤ ያስቀምጡታል፤ ሌላውን ያነሣሉ።

«መምህር፣ እኔ ልንገርዎት» አሉኝ በመጨረሻ። «ዲ ያለበትን ወረቀት ይዤ አዲስ አበባ ስገባ ይታየኛል። እዚህ የሳቀብኝ ሰው ስሜን ያውቃል። እዚያ የሚያውቀኝ የለም፤ የሚያውቁኝ በዚህ ወረቀት ብቻ ነው። ሁለተኛውን ብልክ ይሻለኛል።»

«ባይቀበሉዎትስ?»

«ያኔ በኤ ተመለስኩ ማለት ነው።»

አቶ ፈለቀ ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። እኔ ተናደድኩ። ሦስት ዓመት ያስጠናሁት ሰው ለአንድ ፊደል ሲል ራሱን ሊጥል ነው ብዬ አሰብኩ። ሳንስማማ ተለያየን፤ ማመልከቻው የሚላክበት ጊዜ ግን እየደረሰ ነበር።

በማግሥቱ ወይዘሮ ዘርፌ መጣች። ማን እንደነገራት አላውቅም። ከአምበር የመጣችበት የጭነት መኪና ላይ ዝናብ መትቷት ነጠላዋ ከትከሻዋ ተጣብቆ ነበር። ባሏን አስከትላ ክፍሌ ገባች። ቁጭ በይ ብላት እምቢ አለች።

«መምህር፣ ከሁለቱ የሚያስገባው የትኛው ነው?»

«እርግጠኛ አይደለንም፣ ወይዘሮ ዘርፌ። ዳይሬክተሩ ሁለተኛውን ይላሉ፤ እኔ የመጀመሪያውን እላለሁ።»

«እርስዎም አያውቁ፣ ዳይሬክተሩም አያውቁ። ታዲያ ምን ያከራክራችኋል?»

ወደ ባሏ ዞረች።

«እኔ ማንበብ አልችልም፤ እንዲያው ይንገሩኝ። አንቱ የሚያፍሩበት የትኛው ነው?»

«ዲ ያለበት ነዋ» አሉ የኔታ ቶሎ ብለው።

«ለምን?»

«አማርኛ አያውቅም ይላላ።»

«ያውቁ የለ?»

«አውቃለሁ።»

«እንግዲያ ውሸት ነው። በውሸት ምን ያሳፍራል? ሌላው ኤ የሚሉት፣ እሱስ?»

የኔታ ሊመልሱ አፋቸውን ከፈቱና መልሰው ዘጉት። አንገታቸው ዘንበል አለ። የወይዘሮ ዘርፌ ቀሚስ ጠርዝ የክፍሌን ወለል ያርሰው ነበር።

«ኤ ያለበት ላይ» አሉ ቀስ ብለው፣ «ቃሉ ሁለት ሲሆንብኝ ፈታኙ የቱን ይወዳል ብዬ ገመትኩ። የሚወደውን ከበብኩ፤ ሌላውን እንዳላየ አለፍኩት። ያደረግሁት ይህንን ነው። የየሺን ወረቀት ስጽፍም ያደረግሁት ይህንኑ ነው።»

ወደ እኔ ዞሩ።

«የመጀመሪያውን ይላኩልኝ፣ መምህር።»

«የሚያስገባ መስሎዎት ነው?» አልኳቸው። የእኔን ክርክር የተቀበሉ መስሎኝ ነበር።

«የሚያስገባውን እርስዎም አያውቁ» አሉ፤ ሚስታቸውን አየት አድርገው። «ባያስገባኝም ልናገረው የምችል እሱን ነው። ለምን ዲ አመጣህ ቢሉኝ መልስ አለኝ። ለምን ኤ አመጣህ ቢሉኝ የለኝም።»

ወይዘሮ ዘርፌ ነጠላዋን አውልቃ መስኮቱ አጠገብ ጨመቀችው። «በቃ፣ እንዲያ ከሆነ ቶሎ ይላክ» አለች። «እኔ ቤቱን ለጎረቤት ትቼ ነው የመጣሁ።»

ያንኑ ዕለት ላክነው። በማግሥቱ የኔታ ወደ ደብራቸው ሄደው ወንበሩን ለሌላ እንዲሰጡት ለአለቃው ነገሩ። መልሱ እስኪመጣ ይጠብቁ ብዬ ለመንኳቸው፤ አልሰሙኝም። «ተማሪዎቹ የእኔን መልስ የሚጠብቁበት ምን ዕዳ አለባቸው?» አሉኝ። ከዚያ ወዲያ ያለውን ጊዜ ደብረ ማርቆስ ተቀምጠው የሰው ማመልከቻ እየጻፉ አሳለፉ። እኔ በየቀኑ ፖስታ ቤት እሄድ ነበር። እሳቸው አንድ ቀን እንኳን ፖስታ መጣ ወይ ብለው አልጠየቁኝም፤ ግን በመንገድ ሲያዩኝ እጄን ያያሉ።

መስከረም ገብቶ ተቀበሏቸው። ሕግ ትምህርት ቤት።

ለመጀመሪያ ጊዜ ለእረፍት ሲመለሱ፣ ቤቴ ምሳ ጋብዣቸው ያ ዲ ምን እንዳስከተለ ጠየቅኳቸው። «ማንም አልጠየቀኝም» አሉ። «መልሴን ይዤ ሄጄ ነበር። አንድ ሰው አልጠየቀኝም።» ቅር ያላቸው ይመስሉ ነበር። ቢጠይቁ ኖሮ ምን እንደሚመልሱ መንገዱን ሙሉ አዘጋጅተው እንደነበር ገባኝ። እኔና አቶ ፈለቀ ስንጮህ የዋልንበት፣ ከተማው የሳቀበት፣ እሳቸው እንቅልፍ ያጡበት ነገር እዚያ ጠረጴዛ ላይ ምንም አልነበረም። ከመዝገብ ቤት ሰው ውስጥ ማንም ልብ ያለው አይመስለኝም።

ትምህርታቸውን ጨርሰው ተመልሰው ደብረ ማርቆስ ጥብቅና ከፈቱ። መንግሥት ተለወጠ፤ የመሬት ሕጉ ከነሥሩ ተለወጠ፤ እሳቸው ግን በየዘመኑ የሰው ውልና ኑዛዜ እየጻፉ ኖሩ። ጽሕፈታቸው ለንባብ አይጥምም ነበር። አንዱን ነገር ሦስት ጊዜ ይደጋግሙታል፤ «ማለትም» የሚለው ቃል በየመስመሩ አለ። ወጣት ጠበቆች ይሳሳቁበት ነበር። ቅኔውን ግን አልተዉም፤ በበዓል ቀን ቤተ ክርስቲያን ቆመው ሲቀኙ ሰው ቆሞ ይሰማቸው ነበር።

እኔ ሳስባቸው ግን የሚመጣብኝ ጠበቃው አይደለም። አዲስ አበባ የሄዱበት ቀን ነው።

ለመስቀል ወደ ቤተሰቦቼ ልሄድ ስለነበር እስከ ደጀን በአንድ አውቶቡስ ተሳፈርን። እሳቸው መስኮቱ ጋ፣ እኔ አጠገባቸው። መንገዱ ዳር ሜዳው በአደይ አበባ ቢጫ ሆኗል። የኔታ ብዙም አልተናገሩም። አንድ ጊዜ ብቻ፣ «የሺን ሳልሰናበታት ሄድኩ» አሉኝ። «ምን ብዬ እቀርባታለሁ? ቀጠሮው ተራዝሞ ተራዝሞ ምን ላይ እንደደረሰ እንኳን አላወቅሁ። ሕጉን ተምሬ ስመለስ ይግባኟን እይዝላታለሁ ብዬ ነው የምሄድ።»

አምበር ስንደርስ የገበያ ቀን ነበር። አውቶቡሱ ሰው ሊያወርድ ቆመ። ወይዘሮ ዘርፌ መንገድ ዳር ስንቅ ይዛ ትጠብቃቸው ነበር። አጠገቧ አንዲት ቀጭን ሴት በርበሬ የያዘ ቁና ታቅፋ ቆማለች። የኔታ እንዳዩዋት ፊታቸው ተለወጠ። «የሺ ናት» አሉኝ። ተነሥተው ወረዱ፤ እኔም ተከትያቸው ወረድኩ።

የሺ ሰላምታ ከሰጠች በኋላ ቀጥታ ወደ ነገሩ ገባች። «የኔታ፣ አዲስ አበባ ሊሄዱ ነው አሉኝ። ለእኔ ብለው ነው?»

የኔታ መሬት መሬት አዩ። «ይግባኙን…»

«ይግባኙን ትቸዋለሁ። ፍልሰታ ላይ ሽማግሌ ገብቶ ከወንድሞቹ ጋር መሬቱን ተካፍለናል። ግማሹ የእኔ ነው። ዘንድሮ ጤፍ ዘርቸበታለሁ። ያዘልቀኛል።» ቁናውን ከአንድ ክንዷ ወደ ሌላው አዛወረች። «ስለዚህ የኔታ፣ ለእኔ ብለው የሚሄዱ ከሆነ አይሂዱ። የእኔ ነገር አልቋል። እርስዎን እያየሁ የምኖረው ሌላ ዕዳ አልፈልግም። ለራስዎ ብለው ይሂዱ፤ ወይም ከእኔ በኋላ ለምትመጣዋ።»

የኔታ ዘንበል ማለት እንኳን አልቻሉም። ሹፌሩ ጥሩንባ ነፋ። ተሳፋሪዎቹ በመስኮት አንገታቸውን አውጥተው ያዩ ጀመር። የኔታ ጥምጥማቸውን ከራሳቸው አወረዱ፤ ያን ሁሉ ዓመት ሰው ፊት ሲያወልቁት ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ገበያተኛው ሁሉ እያየ ጭቃው ላይ ተንበርክከው እግሯን ያዙ።

የሺ ደነገጠች። ቁናዋን ለወይዘሮ ዘርፌ ሰጥታ በሁለት እጇ ትከሻቸውን ይዛ አነሣቻቸው።

«ይነሡ እንጂ! ኧረ ይነሡ፣ የኔታ! መኪናው ጥሎዎት ይሄዳል።»

ተነሡ። ጉልበታቸው በጭቃ ርሷል። ወይዘሮ ዘርፌ ስንቁን በእጃቸው አስያዘቻቸውና ወደ አውቶቡሱ በር ገፋ አደረገቻቸው። እንደገና ጥሩንባ ተነፋ። መኪናው ሲንቀሳቀስ ሁለቱ ሴቶች ጎን ለጎን ሆነው በርበሬውን ይዘው ወደ ገበያው ሲያቀኑ በመስኮቱ አየሁ። የኔታ አላዩአቸውም። ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፍነው ነበር፤ እስከ ደጀን ድረስም አልገለጡትም።